ከብስኩት ቆርቆሮ የወጣ ጦር

መጋቢት 2016 ላይ ነው። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ያለው ቤታችን ሊነሳ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። እኔ ካርቶን አስራለሁ፣ እማዬ ከቁም ሳጥኑ ላይ እያወረደች ታቀብለኛለች። አንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደችና ነቀነቀችው፤ ተንኳኳ። ከፈተችው። ወዲያው መልሳ ከደነችው።

«እነዚህ ጋኔሎችህ አሁንም አሉ? እኔ ከነሱ ጋር አዲስ ቤት አልገባም፣ እወቀው።»

ጋኔሎቹ ኦርኮች ናቸው። አረንጓዴ ፊት፣ የወጣ ጥርስ። ከነሱ ስር ባርኔጣቸው ላይ ላባ የሰኩ ወታደሮች፣ ጎማው የተነቀለ መድፍ፣ ከርከሮ የሚጎትተው ሠረገላ፣ ሦስት ዳይስ፣ ሽፋኑ የሌለ የሕግ መጽሐፍ። ዋርሃመር። ለመጨረሻ ጊዜ የነካሁት 1999 ዓ.ም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ወደ ክፍለ ሀገር ስሄድ። 17 ዓመት ሙሉ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ተኝተዋል፣ እኔም ረስቻቸዋለሁ።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገር። ዋርሃመር ፋንታሲ ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮች የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ ነው። ጌምስ ዎርክሾፕ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ነው። ወታደሮቹን ራስህ ትገጣጥማለህ፣ ራስህ ትቀባለህ፣ ከዚያ በሰልፍ ደርድረህ በሜትርና በዳይስ ታዋጋቸዋለህ። ኤልፍ አለ፣ ድንክ አለ፣ ከመቃብር የተነሳ አጽም አለ። እኛ ቤት የደረሰው ስድስተኛው እትም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው። ለንደን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በ1994 ክረምት ስትመጣ ሣጥኑን ይዛ መጣች፣ ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ ስለነበር ከቤት መውጣት የለም፣ እኔንና የጎረቤቴን ልጅ አስቀምጣ አስተማረችን፣ ስትሄድ ትታልን ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ዓመት የእኔና የሱ ጦርነት ነው። የኔን ሰዎች «ላባዎቹ» እንላቸው ነበር፣ የሱን «አረንጓዴዎቹ»።

ይህን የምጽፈው እንደኔ አልጋ ስር ወይ ቆጥ ላይ ሣጥን የረሳ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አይጠፋም ብዬ ነው። ወይ ደግሞ ውጭ አገር ተጫውቶት መጥቶ እዚህ ምንም የለም ብሎ ተስፋ የቆረጠ። ከኔ ስህተት ጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ የራሳችሁን ትሠራላችሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሳልጫወት ሦስት ወር መክረሜ ነው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሌሎች ሲጫወቱ አያለሁ፣ ጦር በወረቀት ላይ አዋቅራለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ እንደገና አዋቅራለሁ። ለአክስቴ ልጅ መልእክት ላክሁና ሃያ ተጨማሪ ወታደር፣ ሁለተኛ መድፍ፣ ፈረሰኛ ላኪልኝ አልኳት። እሷም ሳቀችና «ያሉህን ቀባሃቸው?» አለችኝ። አልቀባሁም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ለስድስት ወር የሚበቃ ሥራ አለ፣ እኔ ስለ ሻንጣ ኪሎ አወራለሁ። (መቼም ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሣጥኑ ይቅር በሉት። ሣጥኑ ነው ቦታ የሚፈጀው። ፕላስቲኩ ቁራጮቹ ከተያያዙበት ፍሬም ጋር ልብስ መሃል ቢገባ ክብደቱም አይታወቅ።)

ሁለተኛው ስህተት አሁንም ትዝ ሲለኝ ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

በልጅነታችን የቀባናቸው ቀለም እንደ ገንፎ ወፍራም ነው። ፊታቸው አይታይም። ማራገፍ ፈለግሁ። የውበት ዕቃ መሸጫ ሄጄ አሴቶን ገዛሁ፣ የጥፍር ቀለም የሚለቀውን፣ አንድ ማሰሮ ውስጥ ጨመርኩና አሥር ወታደር ነከርኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስመለስ ከአሥሩ ሁለቱ ጥርት ብለው እንደ ብር ያበራሉ። ስምንቱ የሉም። ማለቴ አሉ፣ ግን ተያይዘው እንደ ማስቲካ ሆነዋል፤ አንዱ እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ነው የቀለጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ብረት ነበሩ፣ ስምንቱ ፕላስቲክ። አሴቶን ብረቱን ምንም አይለውም፣ ቀለሙንም ሙጫውንም ጠርጎ ያወጣል። ፕላስቲኩን ግን ያቀልጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለዩ፤ እጃችሁ ላይ ከብዶ የሚሰማው ብረት ነው። መስኮት ከፍታችሁ፣ ቡና ከሚፈላበት ከሰል በጣም ራቅ ብላችሁ ሥሩ፣ ምክንያቱም አሴቶን እንደ ቤንዚን ነው የሚቀጣጠለው። ለፕላስቲኩ ዴቶል ተጠቀሙ፣ ፋርማሲ ያለው ቡናማው። ውሃ ሳይነካው ንጹሑን አፍስሳችሁ አንድ ቀን ንከሩት፣ ጓንት አድርጋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። አሁን ልብ በሉ፦ ወዲያው በውሃ እንዳታጥቡት። ውሃ ሲያገኘው የለቀቀው ቀለም እንደ ሙጫ ይሆንና ከጥርስና ከጣት መሃል አይወጣም። መጀመሪያ በሌላ ንጹሕ ዴቶል አለቅልቁት፣ ከዚያ በላርጎ፣ መጨረሻ ላይ በውሃ። ቤቱ ለሦስት ቀን እንደ ክሊኒክ ይሸታል። እሱ መድኃኒት የለውም።

ደግሞ አንድ ነገር፣ በዕድሜ ገፋ ካለ ሰው የድሮ የብረት ወታደር ከተሰጣችሁ፣ ከ1990ዎቹ (በፈረንጅ) መጨረሻ በፊት የተሠራ ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አትሞርዱት፣ ነክታችሁ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጅ አፍ ውስጥ እንዳይገባ።

ቀጥሎ ቀለም። የድሮዎቹ ብልቃጦች ውስጥ ያለው ድንጋይ ሆኗል። አንዳንዱ ሲነቀነቅ ይንቀጫቀጫል። ለስለስ ያለ ነገር ከቀረው ጠብታ ጠብታ ውሃ እየጨመሩ ማማሰል ይሠራል፣ ሁለት አድኛለሁ። የደረቀውን ግን ቅበሩት።

እዚህ አገር የሚኒየቸር (የትንንሽ ወታደር) ቀለም መደብር ብላችሁ አትፈልጉ። የሥዕል አክሪሊክ ግን አለ። አራት ኪሎና ፒያሳ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ውስጥ በቱቦ ይሸጣል፤ የትኛው እንደሚሻል ያስረዱኝ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው፣ በር ላይ ጠብቄ ጠየቅኋቸው፣ ስለምን እንደማወራ ሲገባቸው ከኔ ብሰው ጓጉ። የቱቦ ቀለም ወፍራም ነው፣ ቀጥታ ከቀባችሁት የልጅነታችንን ገንፎ ትደግሙታላችሁ። በውሃ ወተት እስኪመስል አቅጥኑና ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርቡ። እንዳይደርቅባችሁ የምግብ ዕቃ ክዳን ላይ እርጥብ ሶፍት አንጥፉ፣ ከላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ ቀለሙን እዚያ ላይ አድርጉት። ለጥላው ጥቁርና ቡናማ ቀላቅላችሁ በጣም አቅጥኑትና አንዲት ጠብታ ላርጎ ጨምሩ፤ ስንጥቁ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ፊቱ በራሱ ይወጣል። እኔ ይሄን በልጅነቴ ባውቅ ኖሮ!

ብሩሽ ከጥፍር ሠሪዎች ዘንድ ነው። ጥፍር ላይ አበባ የሚሥሉበት ቀጭኑ ለዓይን መሳያ ከሥዕሉ ብሩሽ ይሻላል። ትንንሽ ሞረድና ጉጠት የወርቅ ሠሪዎች መሣሪያ የሚሸጥበት ታገኛላችሁ። እኔ በ35 ዓመቴ ዓይኔ ኮምፒውተር ላይ ውሎ የሚያድር ዓይን ስለሆነ ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን አጉሊ መነጽር ገዛሁ። ሰውዬው «ሰዓት ሠሪ ነህ?» አለኝ። አይ፣ አልኩት። ወታደር ነው የምቀባው ማለት አቃተኝ።

የመጀመሪያው ንብርብር፣ ፕራይመሩ፣ ከሁሉም በላይ አናደደኝ። ሶማሌ ተራ የመኪና ፕራይመር በስፕሬይ አለ፣ ይሠራል፣ ግን ፕላስቲክ ላይ ከመርጨታችሁ በፊት የማትፈልጉት ቁራጭ ላይ ሞክሩት። እኔ ሞክሬያለሁ። ያልሞከርኩት አየሩን ነው። ሐምሌ ነው። ደመናው ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። ዝናቡ አባርቷል ብዬ በረንዳ ላይ ረጨሁ፣ ሲደርቅ ሁሉም የበሶ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መሰሉ። እርጥበት ነው፤ የሚረጨው ነገር ሳይደርስ አየር ላይ ይበላሻል። ወይ መስከረም ጠብቁ፣ ወይ ፀሐይ የወጣችበትን ጠዋት ያዙ፣ ወይ በብሩሽ ቀቡት። እኔ እነዚያን ሰዎች እንደገና ዴቶል ውስጥ ነከርኳቸው። እማዬ ያን ሰሞን እኔ ዘንድ መጥታ ቤቱን አሽትታ «ታመህ ነው?» አለችኝ።

እግራቸው ስር ያለውን መሬት ግን በነጻ ሠርቻለሁ፣ በዚያም እኮራለሁ። የቡና አተላ ነው። በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፣ ስለዚህ ምጣድ ላይ አመስ አድርጉት። ሙጫ ቀቡና ነስንሱበት፣ ከግንባታ ቦታ የተለቀመ አሸዋ ጣል አድርጉበት። አሁን ከተማው ሁሉ እየተገነባ ስለሆነ አሸዋ አይቸግርም። ለኮረብታና ለፈረሰ ቤት ደግሞ ልደታ አካባቢ የሕንፃ ኮሌጅ ተማሪዎች ሞዴል የሚሠሩበት ፎም ቦርድ ጥሩ ነው፤ ርካሹን የፈለገ ምን አለሽ ተራ ይሂድ፣ የፍሪጅ ማሸጊያ ስታይሮፎም ሞልቷል።

እዚህ ላይ ስለ ጨዋታው ራሱ ላውራ፤ ስንመለስ የጠበቀን ዓለም ሌላ ነበርና።

እኔ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ፣ ኪራይ ስል ጨዋታው ሞቶ ተነሥቷል። የድሮው ዓለም በታሪኩ ውስጥ ፈረሰ ተባለ፣ ሐምሌ 2007 ላይ በሱ ፈንታ ኤጅ ኦፍ ሲግማር ወጣ። ከእግራቸው ስር ክብ መቆሚያ፣ ሰልፍ የለም፣ ሁሉም እንደፈለገ ይበተናል። መጥፎ ጨዋታ ነው አልልም፣ ግን እኔ የምወደው ሰልፉን ነው፣ ጎን ለጎን የቆመ ሰው ሲዞር፣ ሲጠማዘዝ፣ ጎኑን ሲሰጥ። ከዚያ ጥር 2016 ላይ ያው ኩባንያ ዘ ኦልድ ወርልድ ብሎ ሰልፉን መለሰው። እማዬ ቆርቆሮውን ያወረደችው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ነው። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር።

የናንተ ጦር የትኛው እንደሆነ እዩ። ጥር 2016 ላይ ሲወጣ ዘጠኝ ሠራዊት ሙሉ ድጋፍ ነበረው፦ ኢምፓየር፣ ድንኮች፣ ብሬቶኒያ፣ የጫካና የከፍተኛ ኤልፎች፣ ኦርክና ጎብሊን፣ የኬዮስ ተዋጊዎች፣ ቢስትመን፣ ቶምብ ኪንግስ። ሣጥናችሁ ውስጥ ያሉት የአይጥ ሰዎቹ ስካቨን፣ ወይ ሊዛርድሜን፣ ወይ ቫምፓየር፣ ወይ ጨለማዎቹ ኤልፎች ከሆኑ ዝርዝራቸው በነጻ ፒዲኤፍ ወጥቷል፣ ትጫወታላችሁ።

መቆሚያው አድጓል። ድሮ የኔ ላባዎች 20 ሚሊ ሜትር ካሬ ላይ ነበር የሚቆሙት፣ አሁን 25 ነው። ኦርኮቹ ከ25 ወደ 30። ፈረሰኛ ከ25 በ50 ወደ 30 በ60። አንዱን እንኳ እንዳትነቅሉ። አምስት ሰው የሚቆምበት ረድፍ ድሮ 100 ሚሊ ነበር፣ አሁን 125 መሆን አለበት፤ ስለዚህ ወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ በየሰዉ መሃል 5 ሚሊ፣ በሁለቱ ዳር ደግሞ 2.5 ሚሊ ክፍተት የሚሰጥ ትሪ ሥሩ። እኔ የጫማ ካርቶን ነው የተጠቀምኩት። ሰልፉን አንድ ላይ ለመግፋትም ይመቻል።

ሕጉን ግን ማንም አይማርላችሁም። የምታስታውሱት ነገር ነው የሚያሳስታችሁ።

ምሳሌ ልስጥ። በድሮው ሕግ ከማዘዝህ በፊት መለካት ክልክል ነው፣ በዓይንህ ነው የምትገምተው። እግረኛ 4 ኢንች ይራመዳል፣ ሲያጠቃ እጥፉን፣ 8 ኢንች ይሮጣል። 8 ኢንች 20 ሴንቲ ያህል ነው። እኛ ቤት የነበረው የፕላስቲክ ምንጣፍ ደግሞ ከአበባ እስከ አበባ ልክ 20 ሴንቲ ነበር! ይሄን ያወቅሁት በእማዬ የልብስ ስፌት ሜትር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። አንድ አበባ ርቀት ላይ ያለ ሁሉ የኔ ነበር።

አሁን መለካት በማንኛውም ሰዓት ይፈቀዳል። ግን ርቀቱ የተረጋገጠ አይደለም፤ ሁለት ዳይስ ትጥላለህ፣ ትልቁን ትወስዳለህ፣ 4 ላይ ትደምራለህ። ስለዚህ 8 ኢንች ላይ ላለ ጠላት ከሁለቱ አንዱ 4 ወይም ከዚያ በላይ መምጣት አለበት። ከአራት ጊዜ ሦስቱ ይሳካል፣ አንዱ አይሳካም። 10 ኢንች ላይ ካለ ደግሞ 6 ካልመጣ የለም፣ ያ ማለት ከሦስት ጊዜ አንዱ እንኳ አይሞላም። እኔ በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ አበባ አየሁ፣ ሳላስብ አጠቃሁ፣ 2 እና 3 መጣ። ሰዎቼ መሃል ሜዳ ላይ ቀሩ።

ሌላው ትልቅ ለውጥ ሽንፈት ነው። ድሮ ተሸንፎ የልብ ፈተናውን የወደቀ ይሸሻል፣ ከተያዘ አለቀለት። በአንድ ዳይስ ሃያ ሰው ይጠፋል። አሁን ሦስት ዓይነት አለ፦ ሙሉ ሽሽት፣ ሳይበተኑ ተሰብስቦ ማፈግፈግ፣ ወይም 2 ኢንች ብቻ ወደኋላ መገፋት። ስለዚህ በአንድ ጥቃት መሃሉን ሰብሬ እጨርሳለሁ የሚል የድሮ አስተሳሰብ አይሠራም፤ ከፊት ይዛችሁ ከጎን መግባት አለባችሁ። አስማቱም የራሱ ተራ የለውም፣ በየቦታው ተበትኗል። መድፉም እንደ ድሮ ርቀት መገመት የለም። እሱ ብቻ አሳዝኖኛል፣ ምንጣፉ ለመድፉም ያገለግል ነበር።

ሕጉ ከበዛባችሁ ሌላም መንገድ አለ። ኪንግስ ኦፍ ዎር የሚባለው ጨዋታ አሮጌዎቹን መቆሚያዎች እንዳሉ ይቀበላል፣ ሰው አንድ በአንድ አይነሣም፣ ፈጣን ነው። ዋን ፔጅ ሩልስ ደግሞ መሠረታዊ ሕጉ ነጻ ነው፣ ስልክ ላይ ይነበባል፣ የማንም ኩባንያ ወታደር ይሁን ግድ የለውም። ካርቶን ላይ የተሣለ ሰው ይዛችሁ ብትመጡም ይሆናል።

ይሄን ሁሉ ይዤ፣ ቀብቼ፣ አንብቤ፣ ኅዳር 2017 ደረሰ። ጦሬ ያምራል። ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አየዋለሁ። ከዚያ ተመልሶ ቆርቆሮ ይገባል። ስምንት ወር ሙሉ የጎደለኝን ነገር በሶማሌ ተራና በጽሕፈት መሣሪያ ቤት ስፈልግ ነበር፣ የጎደለኝ ግን ዕቃ አይደለም፤ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጥ ሰው ነው። ብቻውን ገበጣ የሚጫወት ሰው አይታችኋል?

የጎረቤቴ ልጅ የት እንዳለ አላውቅም። ቤተሰቡ ከሰፈር የወጡት ከኛ ቀድመው ነው፣ ስልኬም ላይ የለም። መላው የመጣው ከእማዬ ነው። «የእድሩ መዝገብ ላይ የእናቱ ቁጥር አይጠፋም» አለች። ሰፈሩ ቢበተንም እድሩ አልተበተነም፣ ጸሐፊው የሁሉንም አዲስ ስልክ ይዘዋል። ሰፈራችሁ ከተነሣ የድሮ ጓደኛ መፈለጊያው ይሄ ነው፣ ኢንተርኔት አይደለም። ለእናቱ ደወልኩ፣ ከእናቱ ወደሱ። ባንክ ነው የሚሠራው፣ ሜክሲኮ አካባቢ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ላባዎቹ» አልኩት።

ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አንተ! መድፉ አለ እንዴ?» አለኝ። የሰላምታው ነገር በኋላ ነው የመጣው።

የዓድዋ ድል መታሰቢያው ፊት ለፊት ተገናኝተን አንድ ካፌ ገባን። እኔ ጥቂት ኦርክ በሶፍት ጠቅልዬ ይዤ ነበር፣ ላሳየው ብቻ። ማኪያቶው ሳይመጣ እሱ ሰልፍ አሠራቸው፣ እኔ ዳይስ አወጣሁ። ይሄን አታድርጉ። ካፌ ውስጥ ዳይስ ሲንከባለል ሰው የሚያስበው ቁማር ነው። አንድ ሎተሪ አዟሪ ቆሞ «በስንት በስንት ነው?» አለን፣ ሁለት ልጆች ተጨመሩ፣ በመጨረሻ አስተናጋጇ መጥታ በትሕትና «ይቅርታ፣ አለቃዬ አንሱት ብሏል» አለች። እውነቷን ነው። ጠረጴዛውም 60 ሴንቲ ነበር፣ ምኑንም አይበቃ። ለሙሉ ጨዋታ 180 በ120 ሴንቲ ያህል ያስፈልጋል።

ያ ጠረጴዛ ኋላ የተገኘው እኔው ቤት ነው። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዋ አዲሱ ቤት አልገባ ብሎ እኔ ዘንድ፣ አምስት ኪሎ፣ ሳሎኑን ሞልቶ ተቀምጧል። እየተራገምኩ ስዞረው ነበር የከረምኩት።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ከጓደኛዬ ጋር በ500 ነጥብ ጀመርን (እያንዳንዱ ወታደር በነጥብ ዋጋ አለው)፤ ሁለት ሰልፍ፣ አንድ አለቃ፣ መድፉ። ብዙ ሰው 2000 ይላል፣ አትስሙ። በ500ም ሦስት ሰዓት ፈጀብን፣ ግማሹ ስልክ ላይ ሕግ ፍለጋ ነው። በኋላ አንድ ስምምነት አደረግን፦ አንድ ጥያቄ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ዳይስ ይጣላል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ መልሱ ማታ ይፈለጋል። ይሄ ብቻውን አንድ ሰዓት አተረፈልን። የምንጣፉንም ነገር ያን ዕለት ነገርኩት። ለአምስት ደቂቃ አላናገረኝም፣ የምሬን ነው።

እሱ ሁለት ልጆች አሉት፣ በወር አንድ እሁድ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ሌላ ተጋጣሚ አሳደግሁ፤ የእህቴን ልጅ፣ 11 ዓመቷ ነው። ከሷ ጋር በዋን ፔጅ ሩልስ ነው የጀመርነው። ክንፍና ጎን የሚለውን በእንግሊዝኛ ላስረዳ ስሞክር ዓይኗ ፈዘዘ። ከዚያ የራሳችን ቃል እንዳለ ትዝ አለኝ። በግራ ያለውን ሰልፍ ግራዝማች በይው፣ በቀኝ ያለውን ቀኛዝማች፣ ከፊት የሚሄደውን ፊታውራሪ። ማዕረጉ ራሱ የሰልፍ ቦታ ነው። ወዲያው ገባት። አሁን «ጋሽዬ፣ ፊታውራሪህን ተጠንቀቅ» ትለኛለች፣ እየሳቀች። ልጅ የምታስተምሩ ከሆነ ኦርኮቹን ስጧት፣ ቀለሙንም እሷ ትምረጥ። የኛ ኦርኮች ግማሾቹ አሁን ሐምራዊ ናቸው። ጓደኛዬ አልተደሰተም።

እማዬ እሁድ እሁድ ጊዮርጊስ ቀድሳ ነው የምትመጣው፣ ሰፈሩ ቢነሣም ደብሯን አልቀየረችም። መጀመሪያ ሰሞን ጠረጴዛዬን አበላሻችሁት እያለች ጓዳ ትገባ ነበር። አንድ ቀን ከአሮጌ መጋረጃ የሰፋችውን አረንጓዴ ጨርቅ አመጣችና ምንም ሳትል አነጠፈችው። ባለፈው እሁድ የልጅቷ ቀኛዝማች ከኮረብታው ኋላ ዞሮ ጎኔ ገባ፣ አለቃዬ ሸሸ፣ ሸሽቶም ከጠረጴዛው ጠርዝ ወለል ላይ ወደቀ። እማዬ ጎንበስ ብላ አነሣችው። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ አገላብጣ አየችው።

«ላባው ወልቋል» አለች። «ሱፐር ግሉው የት ነው ያለው?»